በብሪታንያ የፓርት ታይም ሥራ ሲለቁ ያልወሰዱትን የዓመት ፈቃድ ክፍያ አስልቶ መጠየቂያ መንገድ

በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ ሕግ መሠረት ማንኛውም ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ፣ በዚያ የፈቃድ ዓመት (ፈቃድ በሚቆጠርበት የ12 ወር ጊዜ) ውስጥ ያጠራቀመውና ሳይወስደው የቀረው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ተሰልቶ ሊከፈለው ይገባል። በሳምንት ሁለት ቀን ሆቴል የሚያጸዳ፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ በአረጋውያን መጦሪያ የሚሠራ ወይም ማታ ማታ ወጥ ቤት የሚያግዝ ሰው መብቱ ሙሉ ጊዜውን ከሚሠራው ባልደረባው አያንስም። ሆኖም በርካታ ወገኖቻችን ይህን ገንዘብ ሳይቀበሉ ወይም ጎድሎባቸው ይለቃሉ። አንዳንዱ ፓርት ታይም ሠራተኛ ፈቃድ እንደሌለው ስለተነገረው፣ አንዳንዱ ደግሞ በመጨረሻው ፔይስሊፕ (የደመወዝ ዝርዝር ወረቀት) ላይ የሰፈረው ቁጥር ከየት እንደመጣ መጠየቅ ስለሚከብደው ዝም ይላል። በተለይ ለገና ወይም ለፋሲካ አገር ቤት ለመሄድ ሲል ፈቃዱን ሳይነካ የሚያቆይ ሰው፣ ጉዞው ሳይደርስ ሥራ ከቀየረ ብዙ ሰዓት ተጠራቅሞለት ሊሆን ይችላል። ይህ ገንዘብ የአሠሪው ችሮታ ሳይሆን ሠርተው ያገኙት ስለሆነ፣ ስሌቱን ለደመወዝ ክፍሉ ብቻ ሳይተዉ ከመልቀቅዎ በፊት ራስዎ ሠርተው ሊይዙት ይገባል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰሜን አየርላንድ የራሱ ደንብና የራሱ ተቋማት ስላሉት እዚያ የሚኖሩ አንባቢያን ዝርዝሩን ከአካባቢያቸው ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።

መብቱ የሚመለከተው ማንን ነው

የተወሰነ ሰዓት በሌለው የዜሮ አወር ውል የሚሠራም ሆነ በኤጀንሲ በኩል የተቀጠረ ሰው መብቱ አለው። ፈቃድ መጠራቀም የሚጀምረው ከመጀመሪያው የሥራ ቀን ጀምሮ ስለሆነ፣ ሥራውን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የተወ ሰውም ቢሆን የሚደርሰው ድርሻ አለ። በከባድ የዲሲፕሊን ጥፋት የተባረረ ሠራተኛ እንኳ በሕግ የተወሰነው ፈቃድ ክፍያ አይቀርበትም። ከዚህ ውጭ የሚሆነው በእውነት የራሱን ሥራ በግሉ የሚሠራ ሰው ነው፤ ነገር ግን በውሉ ላይ «የግል ሥራ ተቋራጭ» ተብሎ መጻፉ ብቻውን ጉዳዩን አይዘጋውም። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2021 የኡበር አሽከርካሪዎች በሕግ ፊት ሠራተኞች ናቸው ብሎ የወሰነው፣ ውሉ የሰጣቸውን ስም ሳይሆን ሥራው በተግባር እንዴት እንደሚመራ ተመልክቶ ነው። ስለዚህ ሰዓትዎን፣ ዋጋዎንና የሥራዎን አካሄድ የሚወስነው ሌላ ሰው ከሆነ፣ የግል ሠራተኛ ተብለው ቢመዘገቡም ምክር ሳይጠይቁ መብትዎን አይተዉ።

የስሌቱ መነሻ

የ1998ቱ የሥራ ጊዜ ደንብ ለማንኛውም ሠራተኛ በዓመት 5.6 ሳምንት የተከፈለበት ፈቃድ ይሰጣል። በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ይህ 28 ቀን ሲሆን፣ አራት ቀን ለሚሠራ 22.4፣ ሦስት ቀን ለሚሠራ 16.8፣ ሁለት ቀን ለሚሠራ 11.2፣ አንድ ቀን ለሚሠራ ደግሞ 5.6 ቀን ይሆናል። አሠሪው የባንክ በዓላትን፣ ማለትም በመንግሥት የታወጁትን የሕዝብ በዓላት፣ ከዚህ ውስጥ መቁጠር ይፈቀድለታል። ውልዎ ከዚህ የበለጠ ፈቃድ የሚሰጥ ከሆነ፣ ትርፉ ሲለቁ ይከፈል ወይስ አይከፈል የሚለውን የሚወስነው ውሉ ነው፤ ስለሆነም ያንን አንቀጽ ፈልገው ያንብቡት።

የባንክ በዓል ነገር ለፓርት ታይም ሠራተኛ ትኩረት ይፈልጋል። ብዙዎቹ የባንክ በዓላት ሰኞ ስለሚውሉ፣ ሰኞ የማይሠራ ሰው ባልደረቦቹ ከፈቃዳቸው በተጨማሪ የሚያገኙት የበዓል ዕረፍት ሊያመልጠው ይችላል። ከ2000 ጀምሮ የጸናው የፓርት ታይም ሠራተኞች ደንብ፣ በቂ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ ሠራተኛው ፓርት ታይም በመሆኑ ብቻ ከሙሉ ጊዜ ባልደረባው ያነሰ ጥቅም እንዳይሰጠው ይከለክላል። ስለሆነም ሙሉ ጊዜ ሠራተኞች 28 ቀን ሲደመር የባንክ በዓላት የሚያገኙ ከሆነ፣ እርስዎም ከድምሩ ላይ በሥራ ሰዓትዎ መጠን ድርሻዎን እንዲያገኙ መጠየቅ ይችላሉ።

ማስረጃን አስቀድሞ መሰብሰብ

ሥራ መልቀቅዎን ከማሳወቅዎ በፊት ሦስት ነገሮችን በእጅዎ ያስገቡ፤ እነርሱም የሥራ ውልዎ፣ ያለፉት አሥራ ሁለት ወራት ፔይስሊፖችና የሠሩባቸውን ፈረቃዎች የሚያሳይ መዝገብ ናቸው። በአሁኑ ጊዜ የፈረቃ ድልድሉም የፈቃድ ጥያቄውም በስልክ መተግበሪያ ስለሚካሄድ፣ ሥራውን በለቀቁበት ቀን መግቢያው ሊዘጋብዎት ይችላል። ያን ጊዜ ስንት ሰዓት ፈቃድ እንደወሰዱና የትኛው ጥያቄ እንደጸደቀ የሚያሳየው ማስረጃ ሁሉ በአሠሪው እጅ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የራስዎን ፈረቃዎችና የጸደቁ የፈቃድ ቀናት የሚያሳዩትን ገጾች አስቀድመው በስክሪንሾት ይያዙ።

በውሉ ውስጥ በመጀመሪያ የሚፈለገው የፈቃድ ዓመቱ መነሻ ቀን ነው። አንዳንድ ድርጅቶች ከጃንዋሪ 1፣ ሌሎች ከኤፕሪል 1 ይጀምራሉ፤ ውሉ ምንም ካልተናገረ ግን የፈቃድ ዓመቱ እርስዎ ሥራ ከጀመሩበት ቀን አንሥቶ ይቆጠራል። ይህን ቀን መሳት የቀረውን ስሌት ሁሉ ያዛባዋል።

ሰዓትዎ ቋሚ ከሆነ

ሕጉ ያስቀመጠው ቀመር ቀላል ነው። የሙሉ ዓመቱን ፈቃድ፣ ከያዝነው የፈቃድ ዓመት እስከ መጨረሻው የቅጥር ቀን ድረስ ባለፈው ክፍል ያባዙና፣ ከዚያ ላይ የወሰዱትን ይቀንሱ። ሕጉ በሳምንት ቢናገርም፣ እኔ ፓርት ታይም ለሚሠራ ሰው ሁሉ የምመክረው በቀን ሳይሆን በሰዓት እንዲያሰላ ነው፤ ምክንያቱን ከምሳሌው በኋላ አሳያለሁ።

አንዲት ሠራተኛ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ አምስት አምስት ሰዓት፣ በድምሩ በሳምንት 15 ሰዓት ትሠራለች እንበል። የዓመት ፈቃዷ 15 በ5.6 ሲባዛ 84 ሰዓት ነው። የፈቃድ ዓመቱ ጃንዋሪ 1 የሚጀምር ሆኖ ሥራዋን ኦገስት 31 ብትለቅ፣ ከ365ቱ ቀናት 243ቱ አልፈዋል። 84 በ243 ተባዝቶ ለ365 ሲካፈል 55.92 ሰዓት ይሆናል፤ እስከዚያ ቀን ያጠራቀመችው ይህ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አራት ፈረቃ ማለትም 20 ሰዓት ፈቃድ ወስዳ ከነበረ፣ የሚቀራት 35.92 ሰዓት ነው። በሰዓት 13 ፓውንድ የምታገኝ ከሆነ ከግብር በፊት ወደ 467 ፓውንድ ገደማ ሊከፈላት ይገባል። አሠሪው ክፍልፋዩን ወደ ላይ ማጠጋጋት ይችላል፤ 35.92ን ወደ 35 ማውረድ ግን አይችልም።

አሁን የቀን ስሌት የሚያስከትለውን ስሕተት እንመልከት። አንድ ሰው በሳምንት ሁለት ቀን አሥር አሥር ሰዓት፣ አንድ ቀን ደግሞ አራት ሰዓት ቢሠራ ሳምንታዊ ሰዓቱ 24፣ የዓመት ፈቃዱም 134.4 ሰዓት ነው። ይህ ሰው ፈቃድ የወሰደው አራቱንም ጊዜ በአጭሩ ቀን ከሆነ፣ የተጠቀመው 16 ሰዓት ብቻ ነው። የደመወዝ ክፍሉ ግን «አራት ቀን ወስደሃል» ብሎ ቀኑን በአማካይ ስምንት ሰዓት ቢቆጥር፣ የተቀነሰበት 32 ሰዓት ይሆናል። አሥራ ስድስት ሰዓት የሠራበት ገንዘብ በአንድ መስመር ስሌት ጠፋ ማለት ነው። ፈረቃቸው እኩል ያልሆነ ሠራተኞች ይህን ነጥብ አጥብቀው ሊይዙት ይገባል።

በዓመቱ መካከል ሰዓትዎ ተቀይሮ ከሆነ ሁለቱን ጊዜያት ለየብቻ ያስሉ። አንዲት የእንግሊዝ የእንክብካቤ ሠራተኛ ባነሣችው ክርክር የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2015 እንደወሰነው፣ በአዲሱ ሰዓት የሚሰላው ከለውጡ በኋላ የሚጠራቀመው ፈቃድ ነው፤ ከዚያ በፊት የተጠራቀመው በቀድሞው ሰዓት እንደተሰላ ይቆያል። ስለዚህ እስከ ሜይ ወር ድረስ በሳምንት 30 ሰዓት፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ በሳምንት 12 ሰዓት የሠራ ሰው ዓመቱን በሙሉ በ12 ሰዓት የሚያሰላ ወረቀት ቢሰጠው መቀበል የለበትም።

ሰዓትዎ የማይታወቅ ከሆነ

በውሉ መሠረት የሥራ ሰዓቱ በየክፍያ ጊዜው ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው የሚለዋወጥ ሠራተኛ፣ እንዲሁም በዓመቱ ውስጥ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት የማይሠራበትና የማይከፈልበት ጊዜ ያለው ሠራተኛ ሌላ ስሌት አላቸው። ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ወዲህ በጀመረ የፈቃድ ዓመት ውስጥ እነዚህ ሠራተኞች በየክፍያ ጊዜው ከሠሩት ሰዓት 12.07 በመቶውን ፈቃድ አድርገው ያጠራቅማሉ። ቁጥሩ የተገኘው ከ52 ሳምንት ላይ 5.6 ሲቀነስ የሚቀረው 46.4 ሳምንት ስለሆነና 5.6 ለ46.4 ሲካፈል 12.07 በመቶ ስለሚመጣ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2022 የሰጠው ውሳኔ ይህን ዘዴ ለአንዳንድ ሠራተኞች ውድቅ አድርጎት ነበር፤ በኋላ ሕጉ ራሱ ተሻሻለ። በመካከሉ የተጻፉ ምክሮች የተለያየ ነገር የሚናገሩት በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ የሚያነቡት ምክር መቼ እንደተጻፈ ይመልከቱ።

በወር 68 ሰዓት የሠራ ሰው 8.2 ሰዓት ያጠራቅማል፤ ይህም ወደ 8 ይጠጋጋል። በሚቀጥለው ወር 71 ሰዓት ከሠራ 8.57 ስለሚሆን 9 ሰዓት ይያዝለታል። ከግማሽ ሰዓት በታች ያለው ወደ ታች፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያለው ወደ ላይ ይጠጋጋል ማለት ነው። የየወሩን ውጤት ደምረው የወሰዱትን ሰዓት ሲቀንሱ የሚተርፈው ሲለቁ የሚከፈልዎ ነው።

ነገር ግን ከመጠየቅዎ በፊት ፔይስሊፕዎን በደንብ ይመርምሩ። ለእነዚህ ሁለት ዓይነት ሠራተኞች አሠሪው የፈቃዱን ክፍያ ከየደመወዙ ጋር አብሮ እንዲከፍል ሕጉ ይፈቅድለታል፤ እንዲህ ሲሆን በፔይስሊፑ ላይ «ሆሊደይ ፔይ» የሚል ራሱን የቻለ መስመር መኖር አለበት። መስመሩ በየወሩ ካለና ስሌቱ ትክክል ከሆነ፣ ክፍያው አስቀድሞ ስለደረሰዎ ሲለቁ የሚቀርዎ ላይኖር ይችላል። መስመሩ ከሌለና «በሰዓት ከምንከፍልህ ውስጥ አለበት» የሚል የቃል መልስ ብቻ ከተሰጠዎ ግን፣ ክፍያው ተፈጽሟል ብለው አይቀበሉ።

ክፍያው በየሳምንቱ ለሚለያይ ሠራተኛ ዋጋው የሚወሰነው ደመወዝ የተከፈለባቸው የመጨረሻዎቹ 52 ሳምንታት አማካይ ተወስዶ ነው። ምንም ያልተከፈለበት ሳምንት ይዘለልና በምትኩ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ወደ ኋላ የሚኬደው ግን ከ104 ሳምንት አይበልጥም። ያን ያህል ካልሠሩ ባለው ሳምንት ብቻ ይሰላል። በቋሚነት ኦቨርታይም የሚሠሩ ከሆነ ያ ክፍያ ከ5.6ቱ ሳምንት ፈቃድ ቢያንስ በአራቱ ሳምንት ስሌት ውስጥ መግባት ስላለበት፣ በመነሻ ደመወዝ ብቻ የተሠራ ስሌት ካዩ ይጠይቁ።

ካለፈው ዓመት የተላለፈ ፈቃድ

በመደበኛው ሁኔታ የሚከፈለው የያዝነው የፈቃድ ዓመት ፈቃድ ነው፤ ያለፈው ዓመት ያልተወሰደ ፈቃድ በአብዛኛው ይቃጠላል። ልዩ ሁኔታዎቹ ግን ብዙ ሰው የሚያጋጥሙት ናቸው። በወሊድ ወይም በመሰል የቤተሰብ ፈቃድ ላይ በመሆንዋ ፈቃዷን መውሰድ ያልቻለች ሠራተኛ 5.6ቱን ሳምንት ሙሉ ወደሚቀጥለው ዓመት ታሻግራለች። ሰዓቱ ቋሚ ሆኖ በሕመም ምክንያት ያልወሰደ ሰው እስከ አራት ሳምንት የሚደርስ ፈቃድ ማሻገርና ዓመቱ ካለቀ በኋላ በ18 ወራት ውስጥ መጠቀም ይችላል። በሕመም ወይም በወሊድ ላይ እያሉ ፈቃድ መጠራቀሙን አያቆምም። እንዲሁም አሠሪው የፈቃድ መብትዎን ያልተቀበለ፣ ፈቃድ እንዲወስዱ ዕድል ያልሰጠ ወይም ካልወሰዱት እንደሚቃጠል ያላሳወቀዎ ከሆነ ፈቃዱ በዚህ ምክንያት ሊሻገር ይችላል። «ፓርት ታይም ፈቃድ የለውም» ተብለው ዓመታት የሠሩ ሰዎች ይህን የመጨረሻ ነጥብ ይዘው ምክር ሊጠይቁ ይገባል። በትክክል የተሻገረ ፈቃድ ሥራ ሲለቁ ከአሁኑ ዓመት ድርሻ ጋር ተደምሮ ይከፈላል።

በማስጠንቀቂያው ጊዜ

የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያ ከሰጡ በኋላ አሠሪው የቀረዎትን ፈቃድ በዚያው ጊዜ ውስጥ እንዲወስዱ ሊያዝዎ ይችላል፤ ለዚህም የፈቃዱን ሁለት እጥፍ ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። አምስት ቀን እንዲወስዱ ከፈለገ አሥር ቀን ቀድሞ መናገር ይኖርበታል፤ ውሉ የተለየ ነገር ካስቀመጠ ደግሞ በውሉ ይሄዳል። እርስዎም ፈቃድ ሲጠይቁ ተመሳሳይ ሁለት እጥፍ ማስጠንቀቂያ ይጠበቅብዎታል። በገንዘብ ረገድ ማስጠንቀቂያውን እየሠሩ ፈቃዱን ሲለቁ ቢቀበሉ የበለጠ እጅዎ ይገባል። ሆኖም አዲሱ ሥራ በማግሥቱ የሚጀምር ከሆነና ሰውነትዎ ከደከመ፣ ጥቂት ቀን ማረፍን እኔ አላቃልለውም፤ ፈቃዱ መጀመሪያውኑ የተደነገገው ለዕረፍት ነው።

ማስጠንቀቂያው እስኪያልቅ ቤትዎ ተቀምጠው እንዲከፈልዎ ከተደረገ ቅጥሩ ስላልተቋረጠ ፈቃድ መጠራቀሙን ይቀጥላል። የማስጠንቀቂያው ገንዘብ ተከፍሎዎ ወዲያው ከተሰናበቱ ግን የሚቆጠረው እስከ ተሰናበቱበት ቀን ድረስ ነው።

ካጠራቀሙት በላይ ወስደው ከተገኙ፣ አሠሪው ትርፉን ከመጨረሻው ደመወዝዎ መቁረጥ የሚችለው ይህ አስቀድሞ በስምምነት ተጽፎ ከሆነ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ አንቀጽ በውልዎ ውስጥ ሳይኖር ተቆርጦ ካገኙት ተቃውሞዎን በጽሑፍ ያቅርቡ።

አጠያየቁ

ጥያቄውን በቃል ወይም በስልክ ብቻ አያቅርቡ። ከመጨረሻው የሥራ ቀንዎ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብለው ለሥራ አስኪያጅዎና ለደመወዝ ክፍሉ አጭር ኢሜይል ይላኩ፤ እንግሊዝኛው ማማር አይጠበቅበትም፣ ቁጥሮቹ ግልጽ ከሆኑ ይበቃል። ይዘቱ በአማርኛ ሲቀመጥ እንዲህ ያለ ነው፦

«የመጨረሻ የሥራ ቀኔ ኦገስት 31 ነው። የፈቃድ ዓመታችን የጀመረው ጃንዋሪ 1 ሲሆን፣ በሳምንት 15 ሰዓት እሠራለሁ። በዚህ መሠረት እስከ መጨረሻው ቀን 55.92 ሰዓት ፈቃድ አጠራቅሜያለሁ፤ 20 ሰዓት ወስጃለሁ፤ የሚቀረኝ 35.92 ሰዓት ነው። ይህ ክፍያ ከመጨረሻው ደመወዜ ጋር እንደሚከፈለኝ በሰባት ቀን ውስጥ እንዲያረጋግጡልኝ፣ የእናንተ ስሌት የተለየ ከሆነም ዝርዝሩን እንዲልኩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ጠቃሚ ነው። አሠሪው የራሱን ስሌት በጽሑፍ ሲያቀርብ ልዩነቱ የት ላይ እንደሆነ ወዲያው ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚገኘው የፈቃድ ዓመቱ መነሻ ላይ፣ በቀንና በሰዓት አቆጣጠር ላይ ወይም በወሰዱት ፈቃድ ብዛት ላይ ነው። መልሱ በቃል ከተሰጠዎ፣ የተባለውን ጠቅሰው በዚያው ቀን በኢሜይል ያስፍሩት።

ክፍያው በተለምዶ ከመጨረሻው ደመወዝ ጋር ይመጣል፤ እንደ ደመወዝ ግብርና ናሽናል ኢንሹራንስም (የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ) ይቆረጥበታል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የተባለውን የመንግሥት ድጎማ የሚቀበሉ ከሆነ ገንዘቡ በገባበት የምዘና ወር እንደ ገቢ ስለሚቆጠር፣ በዚያ ወር የሚደርስዎ ድጎማ ሊቀንስ እንደሚችል አውቀው የቤት ኪራይዎን አስቀድመው ያስቡበት።

ካልከፈሉዎ

መጀመሪያ መደበኛ የቅሬታ ደብዳቤ ይጻፉ፤ ሆኖም መልሱን በመጠበቅ ጊዜ አያሳልፉ። ወደ ሥራ ክርክር ፍርድ ቤት ለመሄድ የቆየው የጊዜ ገደብ፣ ገንዘቡ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ሲቀነስ አንድ ቀን ነው። ይህን ገደብ የሚያራዝም ለውጥ መኖሩን ቢሰሙም ለእርስዎ ጉዳይ መድረሱን እስኪያረጋግጡ ድረስ በአጭሩ ገደብ ይንቀሳቀሱ፤ ፈጥኖ ማመልከት የሚያሳጣዎ ነገር የለም። ክስ ከመመሥረትዎ በፊት ጉዳዩን አካስ ለተባለው የአሠሪና ሠራተኛ አስማሚ ተቋም ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ይህ የማስማማት ሂደት ሲጀመር የጊዜ ገደቡ ቆጠራ ለጊዜው ይቆማል። የአካስ የምክር ስልክ 0300 123 1100 ነው፤ አገልግሎቱም ነጻ ነው። ሲቲዝንስ አድቫይስ የተባለው የምክር ድርጅትም በየከተማው ያለ ክፍያ ያማክራል። ለሥራ ክርክር ፍርድ ቤቱ ክስ ማቅረቢያ ከ2017 ወዲህ ክፍያ አይጠየቅም፤ በተግባር ብዙው የፈቃድ ክፍያ ክርክር የአካስ አስማሚ ለአሠሪው ሲደውል ሊያልቅ ይችላል።

ምግብ ቤቱ ወይም የእንክብካቤ ድርጅቱ ከስሮ ተዘግቶ ከሆነ ግን አሠሪውን ማሳደድ ብዙም አይጠቅምም። ተቀጣሪ የነበሩ ሰዎች ከኪሣራው በፊት በነበሩት 12 ወራት ያጠራቀሙትን እስከ ስድስት ሳምንት የሚደርስ የፈቃድ ክፍያ ከመንግሥት ፈንድ መጠየቅ ይችላሉ፤ ለአንድ ሳምንት የሚከፈለው ገንዘብ በሕግ ጣሪያ አለው። ማመልከቻው የሚቀርበው የኪሣራ ጉዳዮችን ለሚከታተለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለኢንሶልቬንሲ ሰርቪስ ሲሆን፣ የድርጅቱን ኪሣራ የሚያስተዳድረው ባለሙያ የሚሰጥዎትን የመዝገብ ቁጥር ይዘው በኢንተርኔት ይሞሉታል።